ማንም ያላዘዘው ጽሕፈት

አቶ ገረመው ቃልን የሚፈሩ ሰው ናቸው። ፍርሃታቸውም ከክፉ ነገር የሚሸሽ ሰው ፍርሃት ሳይሆን፣ ታቦት ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆሞ ነጠላውን የሚያስተካክል ሰው አክብሮት ነው። ያላመኑበትን ነገር ከአፋቸው አያወጡም። ከዚህ ጠባያቸው የተነሣ በዕድሜያቸው ብዙ ወዳጅ አላፈሩም፤ ያፈሯቸውን ጥቂቶች ግን አንድም ቀን አላታለሉም።

ሙያቸው ቁም ጽሕፈት ነበር። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ከአንድ ደብር መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ብራና መፋቅን፣ ብርዕ መቅረፅን፣ ቀለም መበጥበጥን ተማሩ። ዳዊት ጻፉ፣ ውዳሴ ማርያም ጻፉ፣ ገድልና ድርሳን ገለበጡ። የቁም ጸሐፊ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ከፊቱ ከተዘረጋው መጽሐፍ አንዲት ፊደል አይጨምርም፣ አንዲት ፊደል አይቀንስም። የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ መጽሐፉን ያጻፈው ምእመንም ስሙ በጸሎቱ መካከል በቀይ ይገባለታል። ጸሐፊው ግን እንደ ውኃ ቦይ ነው፤ በእሱ በኩል ያልፋል እንጂ ከእሱ አይመነጭም። ገረመውም ይህን ሕግ ወደውት ኖሩ። እጃቸው የሌላውን ቃል ተሸክማ ከደጅ የምታደርስ እጅ ነበረች፤ የራሳቸው ቃል ይኑራቸው አይኑራቸው ጠይቀው አያውቁም።

ዘመኑ ሲከፋ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሙሉእመቤትና ገና ስምንት ዓመት ከሆናት ልጃቸው ከሔርሞን ጋር በሱዳን በኩል ወጥተው፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ቶሮንቶ ገቡ። ጄን ኤንድ ፊንች አካባቢ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ አፓርትመንት ተከራዩ። ገረመው ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ባለ የዳቦ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሙሉእመቤት ቀን ቀን የሰው ልጅ ይጠብቁ ነበር። ሔርሞን አደገች፤ አማርኛዋ እየሳሳ እንግሊዝኛዋ እየወፈረ ሄደ። በዚህ መካከል ማንም መጽሐፍ እንዲጽፉለት አላዘዛቸውም፤ እሳቸውም ብርዕ መያዝ ከአገር ጋር የቀረ ነገር አድርገው ቈጥረውት ነበር።

ሙሉእመቤት በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በረዶው በጸናበት ወር፣ ታመው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሔርሞንም ጊዜዋ ደርሶ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ኦታዋ ሄደች። ያን ጊዜ ቤቱ ዝም አለ። ገረመው ዝምታን የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ የጸሐፊ ቤት ዝም ያለ ቤት ነው። ይህ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። የማቀዝቀዣውን ሞተር ድምፅ ሲነሣና ሲተኛ ያደምጡት ጀመር። ከፋብሪካ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ፣ አውቶቡስ ነጂው ከሚሰጣቸው ሰላምታ በቀር ቃል ሳይሰሙ የሚያልፉት ቀን በዛ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡ። ከፊታቸው የሱቅ ማስታወቂያ ተገልብጦ ነጭ ጀርባው ይታያል። የሔርሞን እስክርቢቶ አጠገቡ ወድቋል። ምን እንዳነሣሣቸው ሳያውቁ አንሥተው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ዛሬ በበረዶ ጫማዬ ምንጣፉን ረገጥሁት፤ ማንም አልተቈጣኝም።»

ጽፈው ደነገጡ። የሚገለብጡት መጽሐፍ ከፊታቸው የለም። ቃሉ ከየት መጣ? ደግመው አነበቡት፤ እውነት ነበር። የሚገርመው ደግሞ፣ ከመጻፋቸው በፊት ምን እንደሚያማቸው አያውቁትም ነበር፤ ከጻፉት በኋላ ዐወቁት። ሕመሙ አልቀነሰም፤ ስም ግን አገኘ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየሰንበቱ ከሰዓት በኋላ ይጽፉ ጀመር። እስክርቢቶው አልስማማ አላቸው፤ እጅን ያስቸኩላል፣ ሐሳብ ሳይደርስ ቀድሞ ይሮጣል። ብላክ ክሪክ የሚሉት ጅረት ዳር ወርደው፣ ቅጠሉ በረገፈበት ወራት የደረቀ መቃ ቈረጡ፤ በወጥ ቤት ቢላዋ ጫፉን እንደ ጥንቱ ቀርፀው ብርዕ አደረጉት። ከሱቅ የገዙትን ቀለም እያጠቀሱ ሲጽፉ ቃሉ ከእጃቸው እርምጃ ጋር ተስተካከለ። የሚጽፉት ነገር ትልቅ አልነበረም፤ አሳንሰር ውስጥ ዓይኑን መሬት ላይ ስለሚተክል ሰው፣ በረንዳው ላይ ስለሚበርዳት ርግብ፣ ስለ ሙሉእመቤት። አንድ ጊዜ ገጹን ሲጨርሱ እጃቸው በልማዷ በመጽሐፍ መጨረሻ ለአጻፊው የሚጻፈውን ምርቃት ጀመረችና «ይህን ላጻፈው» ብላ ቆመች። ያጻፈ የለማ። ገረመው ብርዑን ይዘው ብቻቸውን ሳቁ። ሙሉእመቤት ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ማንም ባላወቀ። ያወጣባቸው ቀለሙ ነው።

የሱቁ ቀለም ወረቀቱን አልፎ እየሰረገ አስቸገራቸው። እንደ መምህራቸው አድርገው ራሳቸው ሊሠሩ ዐሰቡ፤ ገብስ ከሰል እስኪመስል ይቈላል፣ ከጥላሸት ጋር ይወቀጣል፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ወራት ይቆያል። አንድ ቅዳሜ ጧት ገብሱን መጥበሻ ላይ አድርገው ምድጃውን ለኮሱና ጸሎታቸውን ሊያደርሱ ወደ መኝታ ቤት ገቡ። የአገሩ ገብስ የሚቈላው ሜዳ ላይ፣ ከሰማይ በታች ነበር። እዚህ ግን ኮርኒሱ ላይ ጭስ የሚጠብቅ መሣሪያ እንዳለ ዘነጉት። ጸሎቱ ሳያልቅ አላርሙ ጮኸ፤ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የሕንፃው ሁሉ። ሰዉ በየደረጃው ተግተልትሎ በፒጃማ በረዶው ላይ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪናዎች መጡ።

በዚያው ፎቅ የምትኖር ጸሐይወርቅ የምትባል ጎረቤት አለቻቸው። በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ልበ ሩኅሩኅና አፈ ፈጣን ሴት ናት። ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ የጠቈረውን መጥበሻ በጓንቱ ይዞ ወርዶ ይህ ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ያስተረጐመችው እሷ ነበረች። ምግብ ሳይሆን ቀለም እንደሆነ ነገረችው። ሰውየው መጥበሻውን አገላብጦ አይቶ፣ ቀለም በሱቅ እንደሚሸጥ ለሽማግሌው በትሕትና እንድትነግርለት ለመናት።

«ጋሽ ገረመው፣» አለች ጸሐይወርቅ ፎጣ ራሷ ላይ እንደጠመጠመች፣ «እኔ እኮ ምሳ አሮብዎት መስሎኝ አንጀቴ ተንሰፍስፎ ነበር። ለቀለም ነው በፒጃማ ያቆሙን?»

«ይቅር በሉኝ፣ ልጄ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። ያቺን ጃማይካዊት ባልቴት ይዩዋት፣ ዊጓን ሳታደርግ ወርዳለች። እሷ ዕድሜ ልኳን ይቅር የምትልዎት አይመስለኝም።»

ወደ ላይ ሲመለሱ ጸሐይወርቅ መስኮት ልትከፍትላቸው አብራ ገባች። በወንበሮቹ ላይ ወረቀቶች ተሰጥተው ነበር። አንዱን አነሣች። ገረመው እንዳታነብ ሊሏት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን ቀደመቻቸው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የሙሉእመቤት ጓንት ማሞቂያው ላይ እንደተሰጣ ነው። ከደረቀ ቆየ። አላነሣሁትም። ባነሣው፣ ለመውጣት ያሰበ ሰው በዚህ ቤት እንደነበር ማን ይመሰክራል?»

ጸሐይወርቅ መስኮቱን ረስታ ደግማ አነበበችው። ገረመው ገላውን ሲታጠብ በር እንደተከፈተበት ሰው ሆነው ቆሙ። ወረቀቱን ለአንድ ሰው ብቻ አሳይታ እንደምትመልስ ስትነግራቸው ግን እንቢ አላሉም።

ያ አንድ ሰው ኢሳያስ ነበር። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነው፤ ቅንና ትጉህ፣ ሥራ ሲያገኝ ደስ የሚለው ሰው። ምእመናኑ በኪራይ በሚገለገሉበት አዳራሽ ለሚታደለው መጽሔት የአማርኛ ፊደል የጫነበት ኮምፒውተር አለው። በሳምንቱ ከገረመው ቤት መጥቶ ተቀመጠ። ጽሑፉ በጓዳ ሊቀር እንደማይገባ፣ ስንት ሐዘንተኛ እንደሚጽናናበት፣ ይህንም ለማውጣት ፈቃዳቸውን ብቻ እንደሚሻ አስረዳቸው። ገረመው ሲያዳምጡት የቆዩት ነገሩን ሳይሆን ድምፁን ነበር፤ በዚያ ቤት ያን ያህል የተናገረ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እሺ አሉ።

መጽሔቱ የወጣ ዕለት በአዳራሹ እጃቸውን ያልጨበጠ አልነበረም። ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላቸው እያበሱ ሳሟቸው። ከዚያ ወዲያ በማዕዱ ራስ ወንበር ይያዝላቸው ጀመር። ስልኩም ነቃ። አንዱ ለልጁ ክርስትና ስንኝ ይለምናል፤ ሌላው ለሠርግ፤ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ሥጋ ቤት የከፈተ አንድ ሰው ደግሞ ለግድግዳው የሚሆን ግጥም፣ በሬዎቹም እንዳይቀሩበት ብሎ ዐደራ ሰጠ። ገረመው ለሁሉም ጻፉ። የታዘዘ ጽሕፈት የሚያውቁት ሥራ ነው፤ ያጻፊውን ስም በቀይ ያገቡለታል። ዋጋ አልተቀበሉም፤ ዋጋቸው ቤታቸው ሰው መግባቱ ነበር።

ከሁሉም በላይ ደስ ያላቸው የሔርሞን ድምፅ ነው። ከኦታዋ ስትደውል ድምፅዋ ቀሎ ነበር። «አባዬ፣ አንቲ ጸሐይ ኮል አድርጋልኝ ነበር፤ ፌመስ ሆነሃል አለችኝ» አለችና ሳቀች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይም ሶ ሃፒ። ብቻህን ነህ ብዬ በጣም እጨነቅ ነበር። አሁን አልጨነቅም» አለች። ገረመው ስልኩን ከዘጉ በኋላ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አብሰለሰሉት። ልጃቸው በሰላም የምትማረው በዚህ በመጽሔቱ ምክንያት ነበር።

የሰንበቱ ገጽ ግን ነጠፈ። ብርዑን ሲያነሡ አዳራሹ አብሮ ከፊታቸው ይቀመጣል። ርግቧን ሊጽፉ ጀምረው፣ ርግቧ ወዲያው የሰላም ምሳሌ ትሆንባቸዋለች፤ የአሳንሰሩን ሰው ሊጽፉ ጀምረው፣ ሰውየው ወዲያው ምክር መስጠት ይጀምራል። ይቀድዱታል፤ እንደገና ይጽፋሉ፤ እንደገናም ይቀድዱታል። ያረጁ መሰላቸው።

የሙሉእመቤት ሙት ዓመት በተቃረበ ጊዜ ኢሳያስ ስለ ሟቿ የሚሆን ሙሉ ገጽ ጠየቀ። ገረመው ጻፉለት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ኢሳያስ ጽሑፉን በኮምፒውተር ፊደል ተለቅሞ፣ ከሙሉእመቤት ፎቶግራፍ ጋር ተዋቅሮ አሳያቸው። ገረመው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የትሕትና እናት፤ የትዕግሥት መብራት፤ አንደበቷ ከማር የጣፈጠ፤ ለደከመው ምርኩዝ።

ሙሉእመቤት ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባቸውም ነበር። ሽሮ ያሳርሩ ነበር፤ ያሳረሩትንም ምድጃው ነው ይላሉ። የዘገየውን አሳንሰር በር በእግራቸው ይመቱታል። ስብሰባ ያንገሸግሻቸዋል። በረዶውን እንደ ክፉ ጎረቤት በመስኮት እያዩ ይሰድቡት ነበር፤ ሲሰድቡትም ገረመው በሳቅ ይሞታሉ። ይህች በወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት? ዓይናቸውን ጨፍነው የባለቤታቸውን ድምፅ ሊያስታውሱ ሞከሩ። የመጣላቸው የወረቀቱ ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ የያዛቸው ፍርሃት በባለቤታቸው ቀብር ዕለት እንኳ አልያዛቸውም፤ ሞት የወሰደው የባለቤታቸውን ሥጋ ነው፤ የቀረውን ደግሞ እሳቸው በገዛ እጃቸው ለሕዝብ ሲሉ እየደመሰሱት ነበር።

«ይህ አይውጣ» አሉ።

ኢሳያስ የቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ጋሽ ገረመው፣ እኔ እኮ ስለቅመው አልቅሻለሁ።»

«ስለዚሁ ነው አይውጣ የምልህ። የማታውቃትን ሴት ነው ያለቀስህላት። እኔም አላውቃትም።»

«ሕዝቡ እየጠበቀ ነው እኮ። እንዴት አድርጌ አሁን የለም እላለሁ?»

«እንቢ አለ በል።»

የኢሳያስ ፊት ተለወጠ። አልጮኸም፤ ሰው አክባሪ ነው፤ ነገር ግን ከልቡ ተቀይሞ፣ «ታዲያ ለማን ነው የሚጽፉት፣ አባቴ? ሰው ካላነበበው ምን ይረባል?» አላቸው።

ገረመው ለመመለስ ቆዩ። ያላመኑበትን ላለመናገር ነው። በመጨረሻ፣ «ስጽፍ ነው የሚገባኝ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፤ የኔም አይደለም።»

ገጹ ከመጽሔቱ ተሠረዘ፤ በምትኩ የጾም መግቢያ ማስታወቂያ ገባበት። ነገሩ በአዳራሹ ተወራ፤ አንዳንዱ ኰርተዋል አለ፣ አንዳንዱ ሐዘኑ አእምሯቸውን ነክቶታል አለ። የስንኝ ለማኞቹንም ገረመው አንድ በአንድ እያመሰገኑ መለሷቸው። ጸሐይወርቅ ቤታቸው ድረስ መጥታ ተቈጣቻቸው፤ ጸሎት እንኳ በማኅበር እንደሚሰምር፣ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሰይጣን እንደሚያጫውተው ነገረቻቸው። ገረመው ጸሎት በማኅበርም እንዳለ፣ በር ተዘግቶም እንዳለ፣ እሳቸው ሁለቱንም እንዳልተዉ መለሱላት። አልተስማሙም፤ ቢሆንም የያዘችውን ምስር ወጥ ትታላቸው ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስልኩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ዝም አለ። የማዕዱም ወንበር ሌላ ተቀመጠበት። ገረመው ወደ ቀድሞ ቦታቸው፣ ወደ በሩ አጠገብ ተመለሱ፤ በር በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይነካቸዋል።

የከበዳቸው ለሔርሞን መንገር ነበር። ስትደውል ስለ ፈተናዋ ጠየቋት፤ ስለ ብርዱ ጠየቋት፤ ከዚያም ሳይሸፋፍኑ ነገሯት።

«ሶ፣ እንደገና ብቻህን ነህ ማለት ነው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«አባዬ... ሎንሊ አይደለህም?»

ለልጅ እንቅልፍ ሲባል የሚዋሽ ውሸት እንዳለ ያውቃሉ፤ ቀላል ውሸት ነው፤ ብዙ አባት ይዋሸዋል። ገረመው ግን፣ «ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ነገር ግን እናትሽ ከእጄ ልትጠፋ ነበር። እሷን ከማጣ ብቸኝነቱን ልሸከም እችላለሁ።»

ሔርሞን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ አልገባቸውም፤ እያለቀሰች እንደሆነ ግን ገባቸው። ልትመጣ እንደምትፈልግ ስትነግራቸው፣ ፈተናዋን እንድትጨርስ ለመኗት። ስልኩን ሲዘጉ ሁለቱም አልተጽናኑም።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ገረመው ከቅዳሴ ተመለሱ፤ ጠረጴዛውን ጠረጉ፤ ተቀመጡ። ውርጩ የመስኮቱን መስታወት ሸፍኖት ውጭው አይታይም። ብርዑን አጥቅሰው ብዙ ቆዩ። የጻፏት የመጀመሪያዋ መስመር ውሸት ነበረች፤ ሰረዟት። ሁለተኛዪቱም እንዲሁ። ሦስተኛዪቱ ግን አዝግማ መጣች፤ ከኋላዋም ሌላ አስከትላ መጣች፦

«የመጀመሪያው ክረምት ላይ የፊንች አውቶቡስ ተሳፍረን ነበር። ሙሉእመቤት ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን ከወንበሩ ሥር ካለው ማሞቂያ ላይ አደረገች። መውረጃችን ደረሰ፤ ተነሺ አልኋት። አልነሣም፣ በዚህ አገር የሞቀ ነገር ያገኘሁት ዛሬ ነው፣ አንተ ከፈለግህ ውረድ አለችኝ። አልወረድሁም። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄደን ተመለስን። ሹፌሩ በመስታወት አየን። እሷም አየችውና፣ ምን ታያለህ፣ ንዳ እንጂ፣ አለችው በአማርኛ።»

ገረመው ይህን ነገር እንደ ሕፃንነት ሕልም ረስተውት ነበር። አሁን ቃሉ ብቻ ሳይሆን ድምፁም መጣ፤ ያ ጐርናና፣ ለቍጣ የቸኰለ፣ ሳቅን ከሥሩ የደበቀ ድምፅ። ብርዑን አስቀምጠው አዳመጡት። ከዚያም ወረቀቱ እስኪደርቅ በወንበሩ ላይ አስጥተው፣ መብራቱን ሳያበሩ፣ ቀኑ እስኪመሽ አጠገቡ ተቀመጡ። ማንም አልደወለም።

ቃል ሁሉ ከእሱ የሆነ አምላክ የአገልጋዩን የገረመውን እጅ ከድካም፣ ልባቸውንም ከሐሰት ይጠብቅ። የሙሉእመቤትን ነፍስ ብርድ በሌለበት ያሳርፍ። ሔርሞንን በመንገዷ ይከተላት፤ ለዚያም ቤት፣ ዝም ላለው ቤት፣ ሰላሙን ይስጥ። አሜን።